አንሶላ የለበሱ መርዶ ነጋሪዎች

ጆሃንስበርግ ላይ ሎክዳውን ሲታወጅ ዱርንፎንቴን ያለው የተማሪዎች ሕንጻችን በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። አገሬው ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ፣ በሚኒባስ ታክሲ እየተጫነ ወደየቤተሰቡ ሄደ። እኛ የውጭ አገር ተማሪዎቹ ግን የት እንሄዳለን? ድንበሩ ተዘግቷል፣ አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ያለችን የምንተኛባት ክፍል ብቻ ነች። አንድ ኮሪደር የማንሞላ ሰዎች ቀረን፤ ከማላዊ፣ ከኮንጎ፣ ከዚምባብዌ፣ ከሌሶቶ፣ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ። ሕንጻውን የምታስተዳድረው ደቡብ አፍሪካዊት ሴትም አብራን ቀረች። ባሏና አንድ ልጇ ከከተማው ዳር ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ነበሩ፤ ባሏ ዕድሜውን በወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ያሳለፈ ሳምባው የደከመ ሰው ነው፣ ልጇ ደግሞ የታክሲ ሹፌር። እኛን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት ምድር ቤት ባለችው ክፍሏ ተቀመጠች። ሁላችንም ማማ ነበር የምንላት።

ማማ በሽታውን እንደ ሌባ ነበር የምትጠብቀው። የሳኒታይዘር ጠርሙሷን ይዛ ደረጃው ሥር ትቆምና እጃችንን፣ ቦርሳችንን፣ አንዳንዴም ዳቧችንን ሳይቀር ትረጫለች። ሁለት ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ካየች አለቀለት። «ራቅ በሉ! እዚህ የተቀጠርኩት ላሳድራችሁ ነው እንጂ ልቀብራችሁ አይደለም!» እያለች ግቢውን ታናውጠዋለች። ከዚያ ወደ ኩሽና ገብታ ለሁላችንም የሚበቃ ገንፎ ታገነፋለች። በእንጨት ማንኪያ የምታማስለውን ነጭ የበቆሎ ገንፎ ሁላችንም እንደየአገራችን የራሳችን ነው እያልን ስንከራከር ትስቅብናለች።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሒሳብ ለመጨረስ እየተንደፋደፍኩ ነበር። ጎን ለጎንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አስጠና ነበር። ክፍሉ ሲዘጋ ጥናቱ ወደ ስልክ ዞረ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የድሃ ሰፈሮቹ የአሌክሳንድራና የዳቬይተን ልጆች ናቸው፤ ቪዲዮ ለመክፈት የሚበቃ ዳታ የላቸውም። ስለዚህ ካልኩለስን በድምፅ መልእክት ማስተማር ጀመርኩ። ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ጠመኔ፣ በአፍ ብቻ። «አሁን መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ እየወጣ ነው፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ደከመው» እያልኩ ስለፈልፍ የጎረቤቴ የኮንጎዋ ልጅ ግድግዳውን እየደበደበች «ይውረድልሽ በቃ!» ትለኝ ነበር። ልጆቹ ግን ገባቸው። እንዲያውም ፊት ለፊት ሳስተምራቸው ከገባቸው የበለጠ ገባቸው፤ ይህን ስል ትንሽ እየኮራሁ ነው።

በድምፅ መልእክት ማስረዳቱን የለመድኩት ከአባቴ ነው። አባዬ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ልቡ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንደ ሌላው አባት «በላሽ? ጠጣሽ?» አይለኝም፤ «ዛሬ በየት በኩል ሄድሽ?» ነው የሚለኝ። ከዱርንፎንቴን ተነስቼ ታክሲው የት እንደታጠፈ፣ የት መብራት እንደያዘው፣ ሹፌሩ እንዴት እንደነዳ ካልነገርኩት አይተኛም። ያላየውን ከተማ ከእኔ ሰምቶ በቃሉ አጥንቶት ነበር። አንድ ቀን ስሳሳት «የለም፣ እዚያ ጋ ወደ ግራ መታጠፍ አለብሽ» ብሎ አርሞኛል።

ሎክዳውኑ እንደጀመረ ሰሞን ወንድሜ ደወለና አባዬ ደም ግፊቱ ተነስቶበት ሆስፒታል መግባቱን ነገረኝ። አንደበቱ ትንሽ ስለተያዘ በስልክ ማውራት አይችልም አለኝ። «ድምፅሽን ላኪለት ብቻ፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ይሰማል» አለኝ። ላክሁ። የምሄድበት መንገድ ስላልነበረኝ ከመስኮቴ የሚታየውን ባዶ አስፋልት ነገርኩት፤ የወታደሮቹን መኪና፣ የተዘጉትን ሱቆች፣ መሀል መንገድ ላይ ተጋድሞ የሚተኛውን ውሻ። የድምፅ መልእክት ሲደመጥ አጠገቡ ያለችው ማይክሮፎን ሰማያዊ ትሆናለች። የእኔም ሁሌ ሰማያዊ ትሆን ነበር። አባዬ እየሰማኝ ነው ብዬ እተኛለሁ።

እንቅልፌ ግን እንቅልፍ አልነበረም። ምክንያቱም ሐበሻ ነኝ፤ የእኛን አገር ነገር አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፣ መንገድ ላይ ሳለ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ በር ያንኳኳል። እስከዚያው ድረስ «ደህና ነው» ይባላል። እዚህ አገር ያለውም ሐበሻ እንዲሁ ነው፤ ጄፔ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሴቶች ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ተሰባስበው ሄደው አርድተው ይመለሳሉ። ጆሃንስበርግ የሚኖር የእኛ ሰው በሩ ሳይነጋ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚያስበው ሌባን አይደለም።

ታዲያ ሎክዳውን ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ከልክሏል። ሊያረዳኝ የሚመጣ ሰው የለም ማለት ነው። የሒሳብ ተማሪ አይደለሁ፣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ በሬን ማንም ካላንኳኳ ወይ አባዬ አለ፣ ወይ ደግሞ የለም፤ መምጣት ግን አልቻሉም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቂያ መንገድ አጣሁ። «ደህና ነው» የሚለው ቃል ምንም አይነግረኝም፤ ደህና ቢሆንም ይባላል፣ ባይሆንም ይባላል። የቀረችኝ ያቺ ሰማያዊ ማይክሮፎን ብቻ ነበረች።

አንድ ጠዋት አላስችል ብሎኝ ወንድሜ ላይ ጮህኩ። «ሞቶ ከሆነ ንገረኝ! እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የሚመጣልኝ የለም፣ አንተው ንገረኝ!»

«አፍሽን ያዢ! ምን ያለሽ ሟርተኛ ነሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «በቁሙ ትገይዋለሽ እንዴ?»

እንዲህ ሲቆጣኝ ደስ አለኝ። አባቱ የሞተበት ሰው እንዲህ አይቆጣም ብዬ ተጽናናሁ። ፋሲካ ደረሰ፤ «እንኳን አደረሰህ አባዬ፣ ዘንድሮ ዶሮ የለም፣ ማማ ዓሣ በቆርቆሮ ከፍታልናለች» ብዬ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ ማይክሮፎኗ ሰማያዊ ሆነች።

በዓሉ ባለፈ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ መስኮቴ ገና ግራጫ እያለ፣ በሬ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ቆመዋል። ማላዊው፣ የኮንጎዋ ልጅ፣ ዚምባብዌያዊቷ፣ የሌሶቶው ልጅ፣ ከፊታቸው ማማ። ሁሉም አፋቸውን በጭንብል ሸፍነዋል፣ ሁሉም ትከሻቸው ላይ ነጭ የአልጋ አንሶላ ጣል አድርገዋል፤ የሕንጻው የልብስ ማጠቢያ ማኅተም ያለበትን፣ እኔም የምተኛበትን ዓይነት። ማላዊው ረጅም ስለሆነ አንሶላው ጉልበቱ ጋ አልቆበታል። የሌሶቶው ልጅ ደግሞ በአገሩ ብርድ ልብስ መደረብ የለመደ ስለሆነ አንሶላውን አሳምሮ ለብሶታል።

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ልደቴን ሊያከብሩልኝ የሆነ ነገር የሸረቡ መሰለኝ፤ ልደቴ ግን አልነበረም። ከዚያ ሰዓቱን አሰብኩ። አንሶላውን እንደገና አየሁት። በየትከሻቸው ላይ የተጣለው ነጠላ ነው። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማላዊው በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል፤ የውኃ ምሕንድስና ዶክትሬቱን የሚሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እህቴ» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ «አባትሽ አርፈዋል። ከፋሲካ በፊት ነው። እኛ አብረንሽ ነን።» ከዚያ ማታ ሲለማመዱት ያመሹትን ሁሉም በየአገሩ ቅላጼ በአማርኛ አሉት፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ራቅ በሉ እያለች ስታሯሩጠን የከረመችው ማማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቴን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ጭንብሏ በእንባዬ ራሰ። «ምንታናሚ፣ ልጄ፣ ልጄ» ትለኛለች። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ታች ያለው ዘበኛ ሰው የተወጋ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጦ መምጣቱን ነግረውኛል።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። ጄፔ ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ የሚሸጡ፣ እዚህ አገር ስመጣ የተቀበሉኝ የሰፈራችን ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ወንድሜ አባዬ እንዳረፈ ለእሳቸው ደወለ። እሳቸውም «ሎክዳውኑ ሲያበቃ ሴቶቹን ይዤ ሄጄ አረዳታለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሰማ» አሉት። ተስማሙ። ሎክዳውኑ ሊያበቃ ሲል ፋሲካ ደረሰ። «ዓመት በዓሏን አናበላሽባትም» ተባለ። በዚያ መሀል ፕሬዚዳንቱ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ሎክዳውኑን አራዘሙት። እትዬ ሌላ ቀጠሮ ያዙ። መርዶን በፕሬዚዳንት ንግግር የሚቀጥር ሕዝብ ከእኛ ሌላ ይኖር ይሆን? ሳስበው አሁንም ሳቅና ንዴት ይቀላቀልብኛል።

በመጨረሻ መውጫ ፈቃድ እንደማያገኙ ሲገባቸው ወደ ሕንጻችን ደውለው ማማን አገኟት። ማማ ስትሰማ አበደች። «ሃይቦ! አባቷ ሞቶ ይህን ያህል ጊዜ ደብቃችሁ? አሁኑኑ ወጥቼ እነግራታለሁ!»

«እንዳትሞክሪው!» አሉ እትዬ። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ በዙሉኛ እንግሊዝኛ ሌላዋ በጄፔ እንግሊዝኛ፣ በስልክ ተጨቃጨቁ። እትዬ ግን ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልለቀቋትም። አንድ በአንድ አስረዷት። ብቻዋን እያለች እንዳትነግሪያት። ዛሬ ማታ አብሏት፣ ትተኛ። ሲነጋ ተሰብስባችሁ ሂዱ። ትልቅ የሆነ ሰው ይናገር። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይሁን። ነጭ ልብስ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጉ። ያን ማታ ማማ ለምን ሁለተኛ ሳህን ገንፎ ግድ ብላ እንዳበላችኝ የገባኝ ይህን ስሰማ ነው።

ለወንድሜ ስደውል ግን እንባዬ ወደ ቁጣ ዞሯል። «ያ ሁሉ ሰማያዊ ምልክት ምንድን ነው? ማን ነው የሚሰማው?»

«እኔ ነኝ» አለኝ። «እንዳትጠረጥሪ ብዬ ነው የጀመርኩት። በኋላ ግን ካንቺ ድምፅ በቀር የሚያጽናናኝ አጣሁ። ስለዚያ ውሻ የነገርሽውን ደጋግሜ ነው የሰማሁት።» እሱም ለካ ብቻውን ነበር።

ሐዘን ተቀመጥኩ። እንዴት ያለ ሐዘን ነው ብትሉኝ የማንም አገር ያልሆነ ሐዘን ነው። ማማ ከአልጋዬ ላይ ፍራሹን አውርዳ ወለል ላይ ዘረጋችው፤ በእነሱ ደንብ ሐዘንተኛ መሬት ባለ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ግድግዳ ስትደበድብብኝ የኖረችው የኮንጎዋ ልጅ ምግብ እያበሰለች በእጇ አጎረሰችኝ። ማላዊው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ምንም ሳይናገር በሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ በእነሱ ዘንድ መምጣቱ ራሱ ንግግር ነው አለኝ። ተማሪዎቼ በምን እንደሰሙ አላውቅም፣ በየቤታቸው ሆነው መዝሙር እየቀዱ ላኩልኝ። ዳታ ተቸግረው ቪዲዮ የማይከፍቱት ልጆች ያችኑ ዳታቸውን ለእኔ ለቅሶ አዋሉት። ያን ስሰማ ከአባዬ ሞት ይልቅ የእነሱ ደግነት ነው ያስለቀሰኝ።

ማማ ግን አንድ ነገር አልተዋጠላትም። ካረጋጋችኝ በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ወረደችብኝ። «መንገሩ ጥሩ ነው። ያን ወድጄዋለሁ፤ ሰው ብቻውን መስማት የለበትም። መደበቁ ግን ውሸት ነው። ለሞተ ሰው መልካም በዓል እንድትዪ አደረጉሽ። በኔ ቤት ቢሆን ይህን ያደረገን ሰው አላናግረውም።» እኔም በሙሉ ልቤ እውነትሽን ነው አልኳት። ያኔ ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ልማዱን ግን ይቅር አላልኩትም ነበር።

ተሰብስቦ መንገሩ ግን የሕንጻው ልማድ ሆነ። የኮንጎዋ ልጅ አክስቷን ባጣች ጊዜ አንሶላ ለብሰን በሯን ያንኳኳነው እኛ ነን። ዚምባብዌያዊቷ ወንድሟ የሞተ ጊዜም እንዲሁ። ክልከላው እየላላ ሲሄድና አገሬው ተማሪ ሲመለስ ይተዉታል ብዬ ነበር፤ ነገሩ የስደተኞች ነገር መስሎኝ። አንድ ቀን ግን ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሌክሳንድራ ልጅ፣ እየሮጠ ማማ ዘንድ መጣ። አብሮት የሚኖረው ልጅ እናቱ ሞታለች፣ ዘመዶቹ ለእሱ ነው የደወሉት። «ማማ፣ እንዴት ነው የሚደረገው? ስልክ ቀድሞን እንዳይነግረው ስልኩን ደብቄበታለሁ» አላት። ማማ ወደ እኔ ጠቆመችው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልጁ እየተንተባተበ የጓደኛውን እናት መሞት ሲናገር፣ ሌሎቹ ልጆች ሁለቱንም ከበው ሲይዟቸው አይቼ ወደ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያ ዘመን ሬዲዮው ላይ የውጭ አገር ሰዎች ሥራችንን ወሰዱ፣ ተማሪዎቻቸው የልጆቻችንን ወንበር ያዙ የሚል ክርክር አይጠፋም ነበር። ማማ ገንፎዋን እያማሰለች ታዳምጥና ለተናጋሪዎቹ እያዘነች «ሻም፣ እነዚህ ሰዎች ምስኪኖች» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ትቀልድብኛለች። «ሌላው አገር ሐኪምና መሐንዲስ ይልክልናል። እናንተ ደግሞ መርዶ ይዛችሁ መጣችሁ።» ሁላችንም እንስቃለን። እሷ ግን ሳቋ ሲያልቅ ማሰሮውን እያየች «እኔም ሲደርስብኝ እንደዚያ አድርጉልኝ» አለች። «ከሆስፒታል ዳቬይተን ላለችው እህቴ ይደውሉ። እህቴ ላንቺ ትደውል። ስልክ እንዳይነግረኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ጆሃንስበርግ ሣሩ ደርቆ ብርዱ አጥንት በሚበላበት ሰሞን፣ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ማማ ባሏም ልጇም አንድ ሰሞን ታመሙባት። ሁለቱም ሆስፒታል ገቡ፣ በተለያየ ሆስፒታል፣ ጠያቂ አይገባም። ባሏ በጠና ነበር የተያዘው፤ ያ የማዕድን አቧራ የበላው ሳምባው ኦክስጅን ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ስልኩን ጆሮው ላይ እየያዘችለት ይደውልላታል። ልጇ ወጣት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ይወጣል ተባለ። ማማም ስታለቅስም ስትጸልይም ለባሏ ነበር። ለሥራዋ ግን ሳኒታይዘሯን ይዛ ደረጃው ሥር መቆሟን አልተወችም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ እኔ ላይ ያርፋል። አባዬን የምጠብቅበት ጊዜ የተመለሰብኝ መሰለኝ። ልዩነቱ አሁን ቀድሜ የምሰማው እኔ መሆኔ ነው፤ የምትጠብቀው እሷ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የዳቬይተኗ እህቷ ደወለችልኝ። የሞተው ልጁ ነበር።

ለሌሎቹ ነገርኳቸው። ለእትዬም ደወልኩ፤ አሁን መንገድ ተከፍቷል፣ ጎህ ሲቀድ እውነተኛ ነጠላ ይዘው ከጄፔ ሊመጡ ተስማሙ። ያን ማታ ከማማ ጋር አብሬ እራት በላሁ። ስለ ባሏ አወራችልኝ፤ ወጣት ሳለ ከጉድጓድ ሲወጣ ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ ጥርሱ ብቻ እንዴት እንደሚታይ። እኔም ሰማሁ፣ ሳቅሁም። እህል እንዲገባላት ሁለተኛ ሳህን እንድትወስድ ግድ አልኳት። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም፤ ወንድሜ እንዴት እንደቻለ ግን ገባኝ።

ሲነጋ በሯን አንኳኳን። ማላዊው ነበር ሊናገር የተዘጋጀው። ማማ በሩን ከፈተች። እኛን አየች፣ እትዬን አየች፣ ነጠላውን አየች። አልጮኸችም። በሩን በሁለት እጇ ያዘችና እኔን ብቻ እያየች «የትኛው?» አለችኝ።

ስንት ሰው ሳረዳ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። «ልጅሽ ነው ማማ» አልኳት እኔ።

ልጄን አላሰብኩትም፣ ለልጄ አልጸለይኩም እያለች ነው ያለቀሰችው። ወለሉ ላይ ሁላችንም ይዘናት ተቀመጥን። እትዬ በአማርኛ ሙሾ ያወርዳሉ፣ የኮንጎዋ ልጅ በሊንጋላ ታለቅሳለች፣ ማማ በዙሉኛ። ማን የማንን እንደሚሰማ አላውቅም። ፀሐይዋ እየወጣች ሳለ የማማ ስልክ ጮኸ። ጠዋት ጠዋት የሚደውለው ባሏ ነው።

ላንሳልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም። ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ አነሳችው። ኦክስጅኑ ሲተነፍስ ይሰማል። ሰውየው በተቆራረጠ ድምፅ ስለ ልጁ ጠየቃት። ማማ ዓይኗን ጨፍና «ዛሬ ሻል ብሎታል» አለችው። «ገንፎም በልቷል። አንተ ስለ እሱ አታስብ፣ አንተ ዳንልኝ ብቻ።» እኛ ጭንብላችንን ነክሰን ነበር ሳጋችንን የያዝነው።

ስልኩን ስትዘጋ ቀና ብላ አየችኝ። መደበቅ ውሸት ነው ብላ የተቆጣችኝን ቀን ሁለታችንም አስታወስን መሰለኝ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። «መቼ ነው የሚነገረው?» አለችኝ። «ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ሲሻለው ማማ። ቤቱ ሲገባ፣ ሰው ሲከበው» አልኳት።

ቤቱ አልገባም። ለማማ በሯን አንኳኩተን የነገርናት ያው እኛ ነን። እሱ ግን ልጁ ተሽሎት ገንፎ እየበላ እንደሆነ እያመነ ሞተ።